ዶቃውን ማን ይመልሰዋል? የሩት ካርተር ሕይወትና ሥራ፣ ከጋምቤላ ሲታይ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ደውለው «እባክሽ ከሕክምና ውጪ የሆነ ነገር ጻፊልን፤ የወባውን ነገር እንደሆነ በየዓመቱ አንብበናል» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እውነታቸውን ነው። ከጋምቤላ የሚጻፍ ሁሉ ወባ፣ ሙቀትና ባሮ ወንዝ ላይ ያልቃል። እኔም ባለፈው ጊዜ የጻፍኩት ስለ ወባ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት የፊልም አልባሳት ዲዛይነር ልጽፍ ነው። «ዶክተሯ ደግሞ ምን ነካት?» እንዳትሉ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከኛው ቤት ይገባል።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ጋምቤላ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ የደገኛ ልጅ ነኝ። አባቴ አስተማሪ ሆኖ መጥቶ በዚያው ቀረ። ተመርቄ በጠቅላላ ሐኪምነት ስመደብ ወደዚያው አካባቢ በመመለሴ «እኔ አገሩን አውቀዋለሁ» የሚል ኩራት ነበረብኝ። ከዕለታት አንድ ቀን ሌሊት ምጥ የጠናባት አንዲት ወጣት አኙዋ ከገጠር በጀልባ፣ ከዚያም በመኪና ተጭና መጣች። በኦፕራሲዮን መውለድ ነበረባት። አንገቷም ወገቧም ላይ ብዙ ዙር ዶቃ አለ። ጊዜ የለም፤ መቀስ አነሳሁና ክሩን በጠስኩት። ዶቃው ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ግማሹ አልጋ ሥር ገባ፤ ግማሹ ከጋዝና ከጓንት ጋር ተጠርጎ ወጣ። ልጁም እናቲቱም በሰላም ተገላገሉ። እኔ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ዎርድ ስዞር የወጣቷ አያት ወለሉ ላይ ተቀምጠው ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ዶቃ ይቆጥራሉ። ነርሷ እያስተረጎመችልኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄን ሰፍተሽ መልሰሽልኛል፤ እግዜር ይስጥሽ። ዶቃውንስ ማን ይመልሰዋል?» መልስ አልነበረኝም። ነርሷ ቆይታ ነው የነገረችኝ። አንዱ ዙር የእናቷ፣ አንዱ የአክስቷ፣ ሌላው የእኚሁ አያት ስጦታ ነበር። እኔ ያየሁት ጌጥ ነው፤ እሳቸው የሚቆጥሩት ሰው ነው።

ይህን ነገር ለብዙ ዓመት ለማንም አላወራሁትም። ያስታወሰኝ አንድ ፊልም ነው።

በ2010 ዓ.ም. አንድ የሥራ ባልደረባችን «ብላክ ፓንተር» የተባለውን ፊልም በፍላሽ ይዞ መጣ። መብራት በነበረበት ምሽት በላፕቶፕ ተሰብስበን አየን። እውነቱን ልናገርና ድብድቡን ብዙም አልተከታተልኩም። ዓይኔ የቀረው ልብሱ ላይ ነው። ቀዩ፣ ዶቃው፣ የአንገት ቀለበቱ፣ ብርድ ልብሱ! «ይሄንን ያለበሳቸው ማነው?» ብዬ ስም ፍለጋ ጀመርኩ። ስሙ ሩት ካርተር ነው።

ሩት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ተወለደች። ከስምንት ልጆች የመጨረሻዋ ናት፤ ያሳደገቻቸው እናታቸው ሜብል ካርተር ብቻዋን ነበረች። ልጅቷ ስፌትን የተማረችው በትንሽነቷ ነው፤ በወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍ እየቀደደች፣ ጨርቁ ላይ እያስቀመጠች። ከዚያ ሐምፕተን ገባች። ሐምፕተን ከአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ነፃ ለወጡ ጥቁሮች የተከፈተ ተቋም ነው። መጀመሪያ የመረጠችው ትምህርት ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች መምህር የሚያደርግ ነበር። መድረኩ ግን ሳባት። አንድ ተውኔት ላይ ለመተወን ተፈትና ሳትመረጥ ቀረች። መምህሩ ግን «ልብሱን አትሠሪልንም?» አላት። እንግዲህ አስተማሪዎቻችን ይህንን አንብቡልኝ፦ የአንዲት ሴት ሕይወት የተቀየረው አንድ መምህር ወድቃለች ብሎ ሳያሰናብታት፣ ሌላ በር ስላሳያት ነው። በግቢው የአልባሳት ንድፍ የሚባል ትምህርት ስላልነበረ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እያወጣች ራሷን አስተማረች። እ.ኤ.አ. በ1982 ተመረቀች።

ከተመረቀች በኋላ ቀይ ምንጣፍ አልጠበቃትም። ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመልሳ ቴአትር ቤት በተለማማጅነት ሠራች፤ ከዚያ ሳንታ ፌ ኦፔራ ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዳ በቴአትር ቤት ሥራዋን ቀጠለች። ከፊልም ሠሪው ስፓይክ ሊ ጋር የተገናኘችው እዚያ ነው። እሱም ልብስን ለመድረክና ለካሜራ መሥራት እንደሚለያይ ነግሮ፣ የተማሪዎች ፊልም ላይ ገብታ ልምድ እንድታገኝ መከራት። ሰማችው። እ.ኤ.አ. በ1988 «ስኩል ዴዝ» የመጀመሪያ ፊልሟ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ዱ ዘ ራይት ቲንግ» በብሩክሊን አንድ ሰፈር ውስጥ የዓመቱ ትልቁ ሙቀት የወረደበትን ቀን የሚያሳይ ነው። ካርተር ሙቀቱን በልብስ ቀለም አሳየችው። መጋቢት ላይ ጋምቤላ የከረመ ሰው ያንን ፊልም ሲያይ ሸሚዙን ይፈታል።

ከሥራዎቿ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ግን «ማልኮም ኤክስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1992 ፊልም። ሰውየው በአንድ ዕድሜ ብዙ ሰው ሆኖ ኖሯል፦ በ1940ዎቹ የቦስተን ጎረምሳ፣ እስረኛ፣ የሃይማኖት ሰባኪ፣ የመካ ተጓዥ። ለየዘመኑ የተለየ ልብስ ያስፈልጋል። ካርተር ፎቶ አይታ መገልበጥ ትችል ነበር። እሷ ግን የማሳቹሴትስ ማረሚያ ቤቶችን መሥሪያ ቤት ጠይቃ፣ የማልኮምን የእስር ቤት ፋይል ከፍታ፣ በእጁ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አነበበች። ልብሱን ከመቅደዷ በፊት ሰውየውን ማወቅ ፈለገች። ውጤቱን ፊልሙ ላይ ታዩታላችሁ፤ ወጣቱ ደማቅ ቀለም ያለው፣ ትከሻው የሰፋ፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ ኮት ለብሶ «እዩኝ» ይላል፤ ኋላ ላይ ያው ሰው ጥቁር ሱፍና ቀጭን ክራቫት አድርጎ «ስሙኝ» ይላል። በዚህ ሥራ ለኦስካር ታጨች፤ በዘርፉ የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች።

እኛ ሦስተኛ ዓመት ዎርድ ስንገባ መጀመሪያ የተማርነው ምንድን ነው? «ታሪክ ውሰዱ!» አይደል? ሳትጠይቅ አትንካ፤ ሳትሰማ አትዘዝ። ካርተር የምታደርገው ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ሌሊት የወጣቷን የእርግዝና ታሪክ በደንብ ወስጃለሁ፤ ስንተኛ ወሊድ ነው፣ ምጡ መቼ ጀመረ፣ ሽርት ውኃ ፈሷል ወይ? የለበሰችውን ግን አልጠየቅሁም።

ካርተር በ1997ቱ «አሚስታድ» ሁለተኛ እጩነት አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1839 በአንዲት የባሪያ መርከብ ላይ የተነሳውን ዓመፅ የሚተርክ ፊልም ነው። በ2013 የዋይት ሐውስ አስተናጋጅን ሕይወት በበርካታ አሥርት ዓመታት የሚከተለውን «ዘ በትለር»ን፣ በ2014 ደግሞ ስለ 1965ቱ የመምረጥ መብት ሰልፍ የሚያወሳውን «ሰልማ»ን አለበሰች። ልብ በሉ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራችው በአብዛኛው የጥቁር ሕዝብን ታሪክ ነው፤ ከባሪያ መርከብ እስከ ቤተ መንግሥት ጓዳ።

«ብላክ ፓንተር» ሲመጣ ግን ሌላ ፈተና ገጠማት። ዋካንዳ የሌለ አገር ነው። ቅኝ ተገዝቶ የማያውቅ፣ በቴክኖሎጂ የመጠቀ አፍሪካዊ አገር ቢኖር ሕዝቡ ምን ይለብስ ነበር? ካርተር መልሱን ከእውነተኛው አፍሪካ ለቀመች። የንጉሡ ጠባቂ ሴቶች ቀይ ልብስና የዶቃ ሥራ ከማሳይ፣ የአንገታቸው ቀለበት ከንደቤሌ ነው። የንግሥቲቱ ቆብ ያገቡ የዙሉ ሴቶች የሚያደርጉት ነው፤ የተሠራው ግን ዩሊያ ከርነር በምትባል ዲዛይነር በስሪ ዲ ማተሚያ ነው። የድንበር ጠባቂዎቹ ብርድ ልብስ ከሌሶቶ የመጣ ነው። እንዲያውም ብርድ ልብሱ ታትሞበት ሲያበቃ ለካሜራ በጣም ወፍራም ሆነና በወንዶች የጢም መላጫ ማሽን ተላጭቶ ነው የሳሳው። ይህንን ሳነብ እጅ በሌለበት በብልሃት የሚሠሩ የኛ ጤና ጣቢያ ነርሶች ትዝ አሉኝ።

ለምርምር ካገላበጠቻቸው ሕዝቦች መካከል ደግሞ ጎረቤቶቻችን ሱሪዎች ይገኙበታል። ሱሪዎች የሚኖሩት ከክልላችን ከዲማ ወረዳ ወደ ደቡብ ነው። ለክትባት ዘመቻ ዲማ በወረድኩበት ጊዜ የሱሪ ሴቶች ገበያ ሲመጡ አይቻለሁ፤ ከንፈራቸው ላይ የሸክላ ገል አድርገው። ፊልሙ ላይ ከዋካንዳ ጎሣዎች የአንዱ ሽማግሌ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ፣ ከንፈሩ ላይ ገል አድርጎ ይታያል። በሱሪም ሆነ በሙርሲ ግን ይህንን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ወንድ አያደርግም።

እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ይቺ ሁሉን አጥንታ የምትሠራ ሴት እንዴት? ለራሷ ግን ስሟገትላት አገኘሁት፦ ዋካንዳ የሌለ አገር ነው፤ በሌለ አገር ማን ምን እንደሚያደርግ ደራሲው ይወስናል። ፊልሙም ገሉን ለመሳቂያ አላደረገውም፤ በዙፋን ጉባኤ ላይ ያስቀመጠው የተከበረ ሰው ላይ ነው። ሙግቴ ያልቃል ስል ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ዓለም ስለ ሱሪ ሌላ የሚያውቀው ነገር ከሌለ፣ ከፊልሙ ያየውን እውነት ብሎ አይወስድም? ዋካንዳ የለም፤ ሱሪዎች ግን አሉ። ጋምቤላም አለች።

እንደዚህ የምለው በካርተር ለመፍረድ አይደለም፤ በራሳችን ጉድ ስላየሁ ነው። ሁለተኛው ጥፋቴ ይኸው። ተማሪ ሳለን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር የአለባበስ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ለጋምቤላ ልጆች ከገበያ የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅ ገዝተን፣ ላባ ሰክተን፣ በኖራ ፊታቸውን ቀብተን አወጣናቸው። ጭብጨባው ቀለጠ። አንድ የኛ ባች ልጅ፣ ኑዌር ነው፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ አይቶ «ይሄ ደግሞ የማን ልብስ ነው?» አለ። እኛ ቀልድ መስሎን ሳቅን። ጥያቄ ነበር እኮ! አምስቱን ሕዝቦች፣ አኙዋን፣ ኑዌርን፣ መዠንግርን፣ ኦፖንና ኮሞን በአንድ ጨርቅ ጠቅልለን «ጋምቤላ» አልናቸው። ከመካከላቸው ያደግሁት እኔ እንኳ «ተው» አላልኩም።

የማን ልብስ እንደሆነ ለመመለስ ደግሞ ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ታሪኩም አለ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ1902 በተዋዋሉት የድንበር ስምምነት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ተፈቀደ። ጋምቤላ ከተማ የተቆረቆረችው በዚህ ነው። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ይመጣል፤ የወለጋና የኢሉባቦርን ቡና ጭኖ ይመለሳል፤ ወደዚህ ደግሞ ጨውና ጨርቅ ያመጣል። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። እና «ጥንታዊ፣ ያልተነካ» የምንለው የባሮ ዳር ሕዝብ ከዓለም ገበያ ጋር የተገናኘው እኛ ደገኞች ከመምጣታችን በፊት ነው ለማለት ነው። ዶቃው ራሱ ምስክር ነው፤ የመስታወት ዶቃ እዚህ አይሠራም፣ በንግድ የገባ ነው። የገባውን ግን ሕዝቡ የራሱን ትርጉም ሰጥቶ የራሱ አደረገው።

አኙዋዎች ዲሙይ የሚሉት ሰማያዊ የመስታወት ዶቃ አላቸው። ጥሎሽ የሚከፈለው በዚያ ነበር። ዲሙይ እንደ ልብ የሚገኝ ስላልሆነ ለእህት የመጣው ለወንድም ሚስት ማግቢያ ይወጣል፤ እንዲህ እያለ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በደርግ ዘመን እንደ ኋላቀር ልማድ ተቆጥሮ ተከለከለና ጥሎሹ በብር ተተካ። የአኙዋ መሳፍንት ደግሞ የንግሥና ምልክታቸው ዘውድ ሳይሆን የዶቃ ሐብል ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የማኅበረሰብ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1935 አኙዋዎች ዘንድ ቆይቶ በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን በሰፊው ጽፎታል፤ ሐብሉን ማን ይያዝ በሚል ደም ፈሷል። ያ ሌሊት በመቀስ ስቆርጥ በእጄ የነበረው ተራ ዶቃ ነው፤ ግን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ጋር በአንድ ክር የተያያዘ ነበር።

ኑዌሮችም በፊልም ተቀርፀዋል። ሒላሪ ሐሪስ፣ ጆርጅ ብሬይደንባክና ሮበርት ጋርድነር የሠሩት «ዘ ኑዌር» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1971 ወጥቷል። በዚያ ፊልም ማንም ማንንም አላለበሰም፤ ሰው የሚታየው እንዳለ ነው። የወንድ ልጅ ግንባር ላይ የሚወጣው ስድስት መስመር፣ አመዱ፣ ከብቱ፣ ሁሉም አለ። ቀራጮቹ ግን ሄደዋል፤ ፊልሙም ያለው ውጭ አገር ነው። የተቀረፁት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ክሊኒኬ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ፊልሙን አላዩትም።

ወደ ሩት ካርተር ልመለስና ልጨርስ። እ.ኤ.አ. በ2019 በ«ብላክ ፓንተር» ኦስካርን አገኘች፤ በአልባሳት ዘርፍ ይህን ሽልማት የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። በ2021 በሆሊዉድ የዝነኞች መንገድ ላይ ስሟ ያረፈበት ኮከብ ተተከለላት፤ ከዚያ በፊት ይህን ክብር ያገኘች የአልባሳት ዲዛይነር ኢዲት ሄድ ብቻ ነበረች። በ2023 በሁለተኛው «ብላክ ፓንተር» ሁለተኛ ኦስካሯን ስትቀበል ሁለት ኦስካር ያላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ሽልማቱ የተሰጠው እናቷ ሜብል በ101 ዓመታቸው ባረፉ ሰሞን ነበር፤ መድረክ ላይ ወጥታ ሽልማቷን ለእሳቸው አበረከተች። ያቺ የስምንት ልጆች እናት።

ይህን ሁሉ ያወራሁት የኛ አገር ካርተር ስላጣን ለማዘን አይደለም። ከኛ ወገን አንዲት ልጅ ነገ ተነስታ የባሮን ሰዎች ታሪክ በፊልም ልሥራ ብትል፣ የማረሚያ ቤቱን ፋይል የሚያክል ምን ታገኛለች? የትኛውን መዝገብ ትከፍታለች? የካርተር ጥበብ ግማሹ የእሷ ነው፤ ግማሹ ግን ደብዳቤውን ሳይጥል ያስቀመጠው መዝገብ ቤት ነው። እኛ ጋ መዝገቡ ያለው በአያቶች ነጠላ ጫፍ ላይ ነው። እነሱም በየወሩ እያረፉ ነው። ይህን የማውቀው የሞት ወረቀት የምፈርመው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎችን በየዓመቱ ለማኅበረሰብ ሥልጠና ወደ ቀበሌ ትልካላችሁ፤ ሽንት ቤት ይቆጥራሉ፣ የውኃ ምንጭ ይመዘግባሉ። መልካም ነው። መጠይቁ ላይ አንድ ገጽ ጨምሩበት። አንድ ልብስ ወይም አንድ ጌጥ፣ ስሙ በባለቤቱ ቋንቋ፣ ማን ሠራው፣ ማን ሰጠ፣ መቼ ይደረጋል፣ ማን አያደርገውም? ከፈቀዱም ፎቶ። በአሥር ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠራቀም አስቡት። የታሪክ ክፍሉ ከጤናው ጋር አብሮ ቢሠራው ደግሞ ይበልጥ ያምራል። የበዓል ኮሚቴ ያላችሁ ተማሪዎችም ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።

እኔ አሁን በምሠራበት ቦታ ትንሽ ነገር ጀምረናል። ለኦፕራሲዮን የምትገባ ሴት ዶቃዋን በመቀስ አንቆርጥም። ጊዜ ካለ ቤተሰቧ ራሱ ይፈታዋል። ጊዜ ከሌለ ክሩን ቋጠሮው ላይ ፈትተን በወረቀት ፖስታ እናደርገዋለን፤ ስሟንና የካርድ ቁጥሯን እንጽፍበታለን፤ ስትነቃ በእጇ እናስረክባታለን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፖስታውን ስሰጥ «ማን ነው የሰጠሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩ እስካሁን ሁለተኛው ነው።

ያቺን አያት ግን ዳግም አላገኘኋቸውም። በወጡ ቀን ዶቃው ጎድሎ ነበር፤ ስንት እንደጎደለ ያውቁ ነበር፤ ለኔ ግን አልነገሩኝም።

በሰላም ያገናኘን። ጋምቤላ የምትመጡ ካላችሁ ደውሉ፤ አሳው ከባሮ፣ ማንጎው ከጓሮ ነው።